ከጡረታ በኋላ የሚጠየቅ የደረጃ ዕድገት፦ የሕንድ ፍርድ ቤቶች ተሞክሮ እና የጡረተኞቻችን ጥያቄ

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራ ላይ እያለ በወቅቱ ያልተሰጠው የደረጃ ዕድገት፣ ጡረታ በወጣ ማግሥት የሚዘጋ ሒሳብ አይደለም። የጡረታ አበል የሚሰላው ሠራተኛው በአገልግሎቱ መጨረሻ ይከፈለው በነበረው ደመወዝ መነሻነት በመሆኑ፣ ቀድሞ የጎደለው ጭማሪ በየወሩ በአበሉ ላይ እየጎደለ ይቀጥላል። ባለመብቱ በሞት ሲለይም ጉድለቱ ወደ ትዳር ጓደኛውና ወደ ልጆቹ ይተላለፋል። ከሥራ ከተሰናበቱ አሥርና ሃያ ዓመት ያለፋቸው አረጋውያን ፋይል ይዘው በየችሎቱ ደጃፍ የሚታዩበት ምክንያት ከዚህ ይመነጫል።

ጥያቄው በአንድ አገር የተወሰነ ባይሆንም በጉልህ ከታየባቸው አገሮች አንዷ ሕንድ ናት። ጡረተኛ የሠራዊት አባላት በከፈቷቸው ክሶች የተሰጡ ውሳኔዎች የደረጃ ዕድገት፣ የደመወዝ እና የጡረታ አበል ግንኙነት ምን እንደሚመስል በዝርዝር ያሳያሉ። ከእነዚህ መካከል ለአገራችን አገልግሎት ፈላጊዎችም ትርጉም ያላቸውን መመልከት ተገቢ ይሆናል።

አበሉ መብት ወይስ ችሮታ?

የሕንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1979 የጡረታ አበል ማስያ ቀመሩን ለተጠቃሚው በሚበጅ መልኩ አሻሻለ። ሆኖም ማሻሻያው ከተወሰነ ቀን በኋላ ጡረታ የወጡትን ብቻ የሚመለከት ነበር። ለሲቪል ሠራተኞች የተቆረጠው ቀን ማርች 31 ቀን 1979 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተሰናበተ ሰው የቱንም ያህል ዘመን ቢያገለግል በአሮጌው ስሌት እንዲቀጥል ተደረገ። ጉዳዩን የተመለከተው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዲሴምበር 17 ቀን 1982 በሰጠው ውሳኔ፣ ጡረተኞችን በቀን ብቻ ከፋፍሎ በሁለት ሚዛን ማስተናገድ ሕገ መንግሥቱ ያረጋገጠውን እኩልነት የሚጥስ መሆኑን ገለጸ። አበሉም አሠሪው ሲፈቅድ የሚሰጠው ሲከፋው የሚነፍገው ስጦታ ሳይሆን ቀደም ሲል በተሰጠ አገልግሎት የተገኘ መብት መሆኑን አስረግጦ አስቀመጠ። ዕለቱ እስከ ዛሬ በሕንድ የጡረተኞች ቀን ሆኖ ይታሰባል።

ከዚህ ውሳኔ በኋላ የክርክሩ መልክ ተለወጠ። መንግሥት መክፈል አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ጥያቄ ቦታውን ለሌላ ጥያቄ ለቀቀ፤ ይኸውም «ከመቼ ጀምሮ?» የሚለው ነው።

የ32 ወራት ልዩነት

«ከመቼ ጀምሮ?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል ሕይወት እንደሚነካ ከተራ ወታደሮች ጉዳይ በላይ የሚያስረዳ የለም። በሕንድ ሠራዊት ለማዕረግ ዕድገት የሚሆን ክፍት ቦታ ውስን ነው። ብዙ ወታደር ብቃት እያለው ቦታ በማጣት ብቻ በያዘው ማዕረግ ጡረታ ይወጣል። ይህን ለማካካስ ከስድስተኛው የደመወዝ ኮሚሽን ምክረ ሐሳብ በኋላ አንድ ሥርዓት ተዘረጋ፦ ወታደሩ ማዕረግ ባያገኝም እንኳ 8፣ 16 እና 24 ዓመት ሲያገለግል የቀጣዩ ማዕረግ የደመወዝ ደረጃ ይሰጠዋል። 16 ዓመት ያገለገለ ተራ ወታደር፣ ማዕረጉ ባይቀየርም፣ የሃምሳ አለቃ የደመወዝ ደረጃ ያገኛል ማለት ነው።

ችግሩ የተፈጠረው በተፈጻሚነት ቀኑ ነው። አዲሱ የደመወዝ ስኬል ከጃንዋሪ 1 ቀን 2006 ጀምሮ እንዲሠራበት ሲወሰን፣ ይህ የደረጃ ማሻሻያ ግን ልክ እንደ ልዩ ልዩ አበሎች ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2008 ጀምሮ ብቻ እንዲፈጸም ተደረገ። በሁለቱ ቀናት መካከል 32 ወራት አሉ። በእነዚህ ወራት ውስጥ ጡረታ የወጣ ወታደር በአዲሱ ስኬል ደመወዙ ቢስተካከልለትም የደረጃ ማሻሻያው አይመለከተውም፤ ከእርሱ ጥቂት ቀናት ዘግይቶ የተሰናበተ የዚያው ሻለቃ ጦር ባልደረባው ግን ያገኛል። ልዩነቱም እስከ ዕድሜ ልክ በየወሩ አበል ላይ ይቆያል።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዲሴምበር 8 ቀን 2017 ውሳኔ ሲሰጥ የተመለከተው ጭብጥ ሲታይ ቀላል ይመስላል፦ ይህ ማሻሻያ «ደመወዝ» ነው ወይስ «አበል»? መንግሥት ራሱ ባወጣው የውሳኔ ሰነድ ላይ ደመወዝና ጡረታ ከ2006፣ ከኑሮ ውድነት ድጎማ በስተቀር ያሉ ልዩ ልዩ አበሎች ደግሞ ከ2008 እንደሚከፈሉ ተጽፏል። የደረጃ ማሻሻያው የጡረታ አበልን መጠን የሚለውጥ በመሆኑ የደመወዝ አካል ነው ሲል ፍርድ ቤቱ ደመደመ። በመሆኑም ለሠራዊቱ አባላት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2006 ጀምሮ ሊፈጸም ይገባል አለ። ፍርድ ቤቱ አዲስ መብት አልፈጠረም። መንግሥት በራሱ ብዕር የጻፈውን ሰነድ እንዳለ አንብቦ አስፈጸመው።

ለአንድ የተፈረደ ለሁሉም ይሁን

ከዚህ ቀደም ብሎ የታየው የመኮንኖች ጉዳይ ሌላ ገጽታ አለው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1986 ጀምሮ ከሻምበል እስከ ብርጋዴር ላሉ መኮንኖች በወር ከ200 እስከ 1,200 ሩፒ የሚደርስ የማዕረግ ክፍያ ተፈቀደ። ደመወዛቸው ወደ አዲሱ ስኬል ሲዛወር ግን የዚሁ ክፍያ መጠን ከመነሻው ላይ ተቀነሰ፤ በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላ እጅ ተወሰደ ማለት ይቻላል። ስሕተቱን ተከታትሎ ፍርድ ቤት ያደረሰው አንድ ሻለቃ ነበር፤ የኬረላ ክፍለ ግዛት ከፍተኛ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1998 ፈረደለት። መከላከያ ሚኒስቴሩ ውሳኔውን ፈጸመ፤ የፈጸመው ግን ለከሳሹ ብቻ ነበር።

በተመሳሳይ ስሌት የተጎዱት ሌሎች መኮንኖች የየራሳቸውን ክስ ይዘው በየክፍለ ግዛቱ ተሰለፉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መዝገቦቹን አጣምሮ በ2010 ካየ በኋላ ውሳኔው ክስ ላልመሠረቱትም ጭምር እንዲፈጸም አዘዘ። በ2012 በሰጠው ማስተካከያም ውዝፉ ከ1986 ጀምሮ ታስቦ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2006 ጀምሮ ባለው ጊዜ ደግሞ 6 በመቶ ወለድ እንዲታከልበት ወሰነ። ስሕተቱ ከተፈጸመ 26 ዓመት ሆኖታል። በ1986 የ40 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሻምበል በዚያን ጊዜ 66 ዓመቱ ነበር።

በአስተዳደር ሥራ ላይ ለተሰማራ ሁሉ ከዚህ መዝገብ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። አንድ ስሌት ስሕተት መሆኑ በፍርድ ከተረጋገጠ በኋላ በዚያው ስሌት የተጎዱትን ሁሉ ለየብቻ ክሰሱ ማለት ለባለጉዳዩም፣ ለመሥሪያ ቤቱም፣ ለፍርድ ቤቱም ተደራራቢ ወጪ ነው። የሚያዋጣው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ማኅደሮቹን አገላብጦ ማረሙ ነበር።

እኩል ማዕረግ፣ እኩል ጡረታ

ሰፊውን የሕዝብ ትኩረት የሳበው «እኩል ማዕረግ፣ እኩል ጡረታ» የተሰኘው ጥያቄ ነው። በተመሳሳይ ማዕረግ ለተመሳሳይ ዘመን ያገለገሉ ሁለት ወታደሮች፣ አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ጡረታ ስለወጡ ብቻ አበላቸው ሊለያይ አይገባም የሚል ነው። ለዓመታት ከተጠየቀ በኋላ፣ በ2015 በዴልሂ ጃንታር ማንታር አደባባይ ጡረተኞች ከነሜዳልያቸው ተቀምጠው ድምፃቸውን ካሰሙ በኋላ፣ መንግሥት በዚያው ዓመት ኖቬምበር 7 ቀን መርሐ ግብሩን ይፋ አደረገ። ተፈጻሚነቱ ከጁላይ 1 ቀን 2014 ጀምሮ፣ መነሻው በ2013 የወጡ ጡረተኞች ዝቅተኛና ከፍተኛ አበል አማካይ፣ ክለሳው ደግሞ በየ5 ዓመቱ እንዲሆን ተወሰነ።

የጡረተኞቹ ማኅበር ግን ክለሳው በየ5 ዓመቱ መሆኑ እኩልነቱን መልሶ ያፈርሰዋል በማለት ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማርች 16 ቀን 2022 በሰጠው ውሳኔ ይህን አልተቀበለም፤ ቀመሩን መምረጥ የፖሊሲ ጉዳይ በመሆኑ የመንግሥት ሥልጣን ነው አለ። በሌላ በኩል መንግሥት በራሱ ሰነድ የገባውን የ5 ዓመት ክለሳ እንዲፈጽም፣ ማለትም ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ አበሉን ከልሶ ውዝፉን በ3 ወር ውስጥ እንዲከፍል አዘዘ።

ሦስቱ ወራት አልበቁም። ተጨማሪ ጊዜ ተጠየቀ፣ ተፈቀደ፣ እንደገና ተጠየቀ። በዲሴምበር 2022 የሚኒስትሮች ምክር ቤቱ ክለሳውን አጸደቀ፤ ተጠቃሚዎቹ የሟች ቤተሰቦችን ጨምሮ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ እንደሆኑ፣ እስከ ጁን 2022 ያለው ውዝፍም ከ236 ቢሊዮን ሩፒ እንደሚበልጥ ተገለጸ። በጃንዋሪ 2023 ሚኒስቴሩ ውዝፉ በአራት ጊዜ ተከፋፍሎ እንደሚከፈል የሚገልጽ ደብዳቤ አወጣ። ፍርድ ቤቱ የወሰነውን የጊዜ ገደብ በደብዳቤ መለወጥ አይቻልም በማለት ችሎቱ በብርቱ ቃል ተቃወመ፤ ደብዳቤው እንዲነሣም አሳሰበ። ሚኒስቴሩ በታሸገ ፖስታ ያቀረበውን ማብራሪያም ለተከራካሪው ወገን ያልታየ ሰነድ አልቀበልም ሲል መለሰው።

ማርች 20 ቀን 2023 የተሰጠው ትእዛዝ በዝርዝር ሊታይ ይገባዋል። ፍርድ ቤቱ ሙሉውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ማውጣት በጀቱን እንደሚያናጋ ተቀብሏል። ሆኖም ቅደም ተከተሉን ራሱ ወሰነ፦ የሟች ቤተሰቦችና የጀግንነት ሜዳልያ ተሸላሚዎች እስከ ኤፕሪል 30 በአንድ ጊዜ፣ ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት በላይ የሆኑት እስከ ጁን 30፣ የቀሩት ደግሞ እስከ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2024 በሦስት እኩል ክፍያ። በዕድሜ የገፋው ቅድሚያ የተሰጠው ለአክብሮት ብቻ አይደለም፤ መዝገቡ እየተጓተተ ባለበት ጊዜ በሕይወት ያልቆዩ በርካቶች ነበሩና።

ዘግይቶ የጠየቀ

በእነዚህ መዝገቦች ሁሉ ተደጋግሞ የሚነሣ አንድ ሌላ ነጥብ አለ፤ የይርጋ ጉዳይ። በሕንድ ሕግ በየወሩ የሚጎድል አበል በየወሩ የሚታደስ ጥፋት ተደርጎ ስለሚወሰድ፣ የዘገየ ጡረተኛ ክሱ ከነጭራሹ አይዘጋበትም። ውዝፉ ግን ይገደባል። በ1983 በጤና ጉድለት ከሠራዊቱ የተሰናበተ አንድ ወታደር የአካል ጉዳት አበል ጥያቄውን ፍርድ ቤት ያቀረበው ከ16 ዓመት በኋላ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 ሲወስን የወደፊቱን አበል ፈቅዶ፣ ውዝፉን ክሱ ከቀረበበት ቀን በፊት ላሉት 3 ዓመታት ብቻ ወሰነው። አሥራ ሦስቱ ዓመታት በዝምታ ጠፉ።

ወደ አገራችን ሲመለስ

በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ ተደንግጎ የቆየ ሲሆን፣ በተለያዩ ጊዜያት ተሻሽሎ አሁን በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ይመራል። ስሌቱ ሠራተኛው ከሥራ ከመሰናበቱ በፊት በነበሩት 3 ዓመታት በአማካይ ያገኝ በነበረው ደመወዝ ላይ ይመሠረታል፤ ለ10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለሲቪል ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ እየታከለ ከ70 በመቶ ሳይበልጥ ይሰላል።

ለምሳሌ 30 ዓመት ያገለገለች ሠራተኛ የምታገኘው 55 በመቶ ነው። አማካይ ደመወዟ 8,000 ብር ከሆነ አበሏ 4,400 ብር ይሆናል። በሕጋዊ መንገድ የተሰጣት የ1,000 ብር ልዩነት ያለው የደረጃ ዕድገት ለ3 ዓመት ሳይፈጸምላት ከቆየ፣ ሊሆን ይገባው የነበረው አበል 4,950 ብር ነበር። በወር 550፣ በዓመት 6,600 ብር ይጎድላል። በ15 የጡረታ ዓመታት 99,000 ብር ማለት ነው። ለሟች የትዳር ጓደኛ የሚከፈለው የአበሉ ግማሽ በመሆኑም ጉድለቱ ከባለመብቷ በኋላ በግማሹ ይቀጥላል።

ሰሞነኛው የደመወዝ ማሻሻያ ጥያቄውን ይበልጥ አጉልቶታል። ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. ከ1,100 ወደ 4,760 ብር፣ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል፤ ከፍተኛው 39,000 ብር ደርሷል። የአበሉ መሠረት የ3 ዓመት አማካይ በመሆኑ በ2018 ዓ.ም. ጡረታ የሚወጣ ሠራተኛ ስሌት ውስጥ የአሮጌው ስኬል ወራትም ይገባሉ። በጎረቤቱ አበልና በራሱ አበል መካከል ልዩነት ያየ ጡረተኛ ሁሉ ስሕተት ተፈጽሞብኛል ብሎ ከመደምደሙ በፊት የስሌቱን ዝርዝር በጽሑፍ ጠይቆ ወር በወር ማመሳከሩ ተገቢ ነው። ልዩነቱ አንዳንድ ጊዜ የመሰናበቻ ቀን ልዩነት ብቻ ሆኖ ይገኛል።

እዚህ ላይ ከሕንዱ ሥርዓት ጋር ያለ መሠረታዊ ልዩነት ሊሰመርበት ይገባል። በሕንድ ሠራዊት የታየው ማሻሻያ የአገልግሎት ዘመን ሲሞላ የሚገኝ ነው። በአገራችን ሲቪል ሰርቪስ ግን የደረጃ ዕድገት በመርሕ ደረጃ ክፍት የሥራ መደብ ሲኖር በውድድር የሚገኝ ነው። ስለዚህ «ብዙ ዘመን ስላገለገልሁ ዕድገት ይገባኝ ነበር» የሚል አቤቱታ እና «ዕድገቱ በደብዳቤ ተሰጥቶኝ፣ ወይም በሥራ ምዘናና ደረጃ አወሳሰን ምደባ ደረጃዬ ተወስኖ፣ ደመወዙ አልተከፈለኝም» የሚል አቤቱታ የተለያየ ዕድል አላቸው። ሁለተኛው በሰነድ የተደገፈ የደመወዝ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው የውድድሩን አፈጻጸም የሚመለከት በመሆኑ፣ ሠራተኛው በሥራ ላይ እያለ በመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ አካል በኩል በወቅቱ ካልቀረበ በኋላ ለማስረዳት አዳጋች ነው።

መንገዱም ሁለት ነው፤ ብዙ ባለጉዳይ የሚንከራተተው ሁለቱ ስለሚደባለቁበት ነው። ጥያቄው ደመወዝን ወይም የደረጃ ምደባን የሚመለከት ከሆነ መጀመሪያ ለቀድሞው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይቀርባል፤ ያለ አግባብ የተያዘ ደመወዝ ከሆነ ወደ መንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት ይሄዳል። ጥያቄው የአገልግሎት ዘመን አያያዝን ወይም የአበል ስሌትን የሚመለከት ሲሆን ደግሞ የሚቀርበው ለመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር፣ ቅር የተሰኘም ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ጉባኤ ነው። መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለ የሚል ወገን እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ሊደርስ ይችላል። ደመወዙ ሳይታረም የጡረታ ስሌቱ ይታረምልኝ ብሎ የሚሄድ ባለጉዳይ ተመልሶ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ መቆሙ አይቀርም፤ አስተዳደሩ የሚያሰላው ከመሥሪያ ቤቱ የተላከለትን የደመወዝ ማስረጃ ይዞ ነውና። የአስተዳደር በደልን የሚመለከት አቤቱታ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ያለ ክፍያ ማቅረብ ይቻላል፤ በፍርድ ቤት በመታየት ላይ ያለን ጉዳይ ግን ተቋሙ አይመለከትም።

የየደረጃው የማመልከቻ ጊዜ በሕግ የተገደበ በመሆኑ፣ ውሳኔ የደረሰው ባለጉዳይ የደረሰበትን ቀን በወጪ ደብዳቤው ላይ ማስመዝገብ እና የይግባኝ ጊዜውን እዚያው ጠይቆ ማረጋገጥ ይኖርበታል። በቃል የተሰጠ «ቆይ እናየዋለን» ጊዜውን አያቆመውም።

ቀሪው የሰነድ ጉዳይ ነው። የቅጥር ደብዳቤ፣ የደረጃ ዕድገትና የዝውውር ደብዳቤዎች፣ የምደባ ደብዳቤ፣ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ውጤቶች፣ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር እና የጡረታ መለያ ቁጥር ከመሰናበቻ ቀን በፊት ከግል ማኅደር ጋር ሊመሳከሩ ይገባል። የስም አጻጻፍ ልዩነትና በቅጥር ጊዜ የተሞላ የትውልድ ዘመን ብዙ መዝገቦችን ያዘገያሉ፤ መሥሪያ ቤቶች ሲዋሐዱና ስያሜ ሲቀይሩ ማኅደሮች የት እንደተዛወሩ የሚያውቅ የሰው ኃይል ባለሙያ ማግኘትም ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። የሟች ወራሾች ሲሆኑ በዚህ ላይ የሞት ማስረጃ፣ የጋብቻ ማስረጃና የልጆች የልደት ማስረጃ ይታከላል፤ ሟች በሕይወት እያለ ያስገባው አቤቱታ ካለ ገቢ የተደረገበት ቁጥርና ቀን ያለበትን ቅጂ ማያያዝ ጥያቄው እንደ አዲስ እንዳይጀመር ይረዳል።